ወንድሜ ከአባባ ያልሰማው

ታላቅ ወንድሜ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ መቱ ወዳለው ቤታችን ተመለሰ። አባባ ከያዮ ቡና እየገዙ የሚነግዱ ሰው ስለነበሩ መጋዘኑን ይረከበኛል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ከመስኮት ሠሪ የተረፈ መስታወት ለምኖ፣ በሲሊኮን አጣብቆ፣ ሳሎናችን ውስጥ የዓሣ ገንዳ ሠራ። ከአዲስ አበባም ውሃ የሞላው ፌስታል አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቀያይ ዓሦች አመጣ።

«ሶርን የሚያህል ወንዝ አጠገባችን እያለ ዓሣ ሳሎን ውስጥ?» አሉ አባባ።

የመጀመሪያዎቹ ዓሦች ብዙም አልቆዩ። ውሃው ደፈረሰ፤ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር፤ አለቁ። ያኔ ነው ማጣሪያ ለመሥራት የተነሣው። ትንሽ የአየር ፓምፕ አስመጣ፣ ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዛ፣ ስፖንጅ መሃሉን በስቶ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ሰካበት። እንዳይንሳፈፍ ጠጠር ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

«አየሩ በግሉኮሱ ቱቦ ይገባና አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል» አለኝ። «ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይሄዳል። በሱ ፈንታ ሌላ ውሃ በስፖንጁ ያልፋል፣ ቆሻሻው እዚያ ይቀራል።»

መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ እንዳያበላሸው ፓምፑን ከገንዳው ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እንዳላጥብም አስጠነቀቀኝ፤ ውሃውን የሚያጠሩት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እዚያ ስለሚኖሩ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ነው የሚታጠበው። ሌሎች ዓሦች አመጣ፤ እነዚህኞቹ ሰነበቱ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አባባ የመጋዘኑን ነገር አነሡ።

«ቡና ንግድ አይሆንልኝም አባባ።»

«ታዲያ ምን ይሆንልሃል? አረፋ ማየት?»

ወንድሜ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ዓሦቹን ለእኔ አደራ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ።

በዚያ ክረምት ዛፍ ወድቆ የመብራት መስመሩን በጠሰው። ፓምፑ ዝም አለ። በማግስቱ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈት ጀመሩ። በጆግ ከገንዳው እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ሳፈስ አባባ ገብተው ቆመው አዩኝ።

«ይሞታሉ?»

«አየር አጥሯቸዋል አባባ።»

ወጡ። ሲመለሱ ከጎረቤት የብስክሌት ጎማ መንፊያ ይዘዋል። የመንፊያውን ጫፍ ከግሉኮሱ ቱቦ ጋር በቁራጭ ጎማ አሰርነው። ልቀበላቸው ስል «ዲሲ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ «ተይው፣ እኔ እነፋለሁ።» ጋቢያቸውን አውልቀው ገንዳው ፊት ተንበረከኩ። አረፋው ቡልቅ ሲል ፊታቸው በራ። ነጋዴዎች ከበር ሲጠሯቸው «ቆዩ!» እያሉ፣ ሲደክማቸው ለእኔ እየሰጡ፣ መብራት እስኪመጣ ተፈራርቀን ነፋን። አንዷ ብቻ ሞተች። እሷንም ራሳቸው አውጥተው ጓሮ ሙዙ ሥር ቀበሯት።

«ለጋሼ ልደውልና ይንገሩት» አልኳቸው።

«ሲመጣ እነግረዋለሁ። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይሆንም።»

ከልባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «በሉ?» ብለው ስለ ዓሦቹ ይጠይቁኝ ነበር። ወንድሜ ለጥምቀት እንደሚመጣ ሲሰሙም በግ ይታይ አሉ። ጥምቀት ሳይደርስ ግን ከያዮ ሲመለሱ ደረታቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ ከዚያ አልተነሡም።

ወንድሜ ለቀብር ደረሰ። ድንኳን ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት።

«አባባ? በመንፊያ?» አለ። ከዚያ እጄን ያዘኝ። «ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን አትፍጠሪልኝ።»

መንፊያውን ያዋሳቸውን ጎረቤት ጠራሁት። «አዎ ወስደዋል» አለ ሰውየው፣ «ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ ጎማ ሊነፉ መስሎኝ።» ወንድሜ «አየሽ?» ብሎኝ አንገቱን ደፋ። እሱን ለማሳመን ዳግመኛ አልሞከርኩም።

ዛሬ ወንድሜ ልጆች ወልዷል። አያታቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ሲጠይቁት «ቁጡ ነጋዴ ነበሩ» ይላቸዋል። እኔ ካለሁ አባባ ገንዳው ፊት የተንበረከኩበትን ቀን እተርክላቸዋለሁ። ልጆቹ ያምኑኛል። እሱ ግን ገና ስጀምር ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል።