የአባቴ ደምና የአጎቴ ሾርባ

ሕመሙ የጀመራቸው መንጋጋቸው ላይ ነው። አባቴ የከብት ነጋዴ ናቸው። ለዘመድ ሠርግ ከነገሌ ቦረና አዲስ አበባ በገባን ማግስት፣ ቁርስ ላይ ግራ መንጋጋቸውን ይዘው መብላት አቆሙ። ታናሽ ወንድማቸው፣ እሳቸውም ከብት ነጋዴ የሆኑት አጎቴ ኢብራሂም፣ «ጥርስ ነው» ብለው ፈረዱ። እኛም አምነን የጥርስ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። እዚያ ላብ አጠመቃቸው። ሐኪሟ አፋቸውን እንኳ ሳታይ «ይሄ ልብ ነው፣ ቶሎ ሆስፒታል!» አለችን።

የልባቸው የደም ቧንቧ ተዘግቷል። አሁኑኑ መከፈት አለበት። ፈርሚ አሉኝ። ፈረምኩ። በእጃቸው በኩል ቀጭን ቱቦ ገባ፣ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ተደረገላቸው። ተረፉ።

የእኔ መቃጠል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ደረታቸው ቀለል ሲላቸው «ወደ ቤቴ» አሉ። የሆስፒታሉ ሐኪም ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደም ያስቀዳል፦ ትሮፖኒን፣ ቢኤንፒ፣ ክሪያቲኒን። የመጀመሪያው፣ የልብ ጡንቻ ምን ያህል እንደተጎዳ፣ ሁለተኛው፣ ልብ ምን ያህል እንደተጨነቀ፣ ሦስተኛው፣ የኩላሊትን ሁኔታ ይጠቁማል።

«ቧንቧው ተከፍቷል» አለኝ ሐኪሙ። «ግን ቧንቧውን በምስል ለማየት የሰጠነው መድኃኒት ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። እሳቸው ሳይሰማቸው ደማቸው ቀድሞ ይነግረናል። ክሪያቲኒኑ ሳይወርድ አይወጡም።»

ይህን እንግዲህ ለእኛ ዘመድ አስረዱ! እኛ ዘንድ በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ደም የተቀዳ ሰው ደግሞ የፍየል ሾርባ ካልጠጣ ማንም እንቅልፍ አይወስደውም። አጎቴ እያንዳንዷን ብልቃጥ በዓይናቸው እየሸኙ «ዲጋውን፣ ደሙን፣ ጨረሱት እኮ! ይወስዳሉ፣ ማን ይተካል?» ይላሉ። ሐኪሙ ጨው ከልክሏል ብዬ ስንቴ ተናገርኩ። ሰሚ የለም።

መውረድ የነበረበት ክሪያቲኒን ወጣ። ቢኤንፒም ወጣ። መድኃኒት ተቀየረ። አልወረደም። እግራቸው አበጠ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ትንፋሽ አጠራቸው። ኦክስጅን ተደረገላቸው። «ኩላሊታቸው ካልተሻለ እጥበት ሊያስፈልጋቸው ይችላል» አለኝ ሐኪሙ። እጥበት ማለት አባቴ ከብቶቻቸውን ትተው ለእጥበቱ አዲስ አበባ ይቀራሉ ማለት ነው። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ነጠላ ጫማቸውን ልፈልግ ጎንበስ ስል ከአልጋው ሥር ፔርሙስ አገኘሁ። ከፍቼ ቀመስኩት። የፍየል ሾርባ ነው፣ ጨው በጨው! አጎቴ በየቀኑ ካፖርታቸው ውስጥ ደብቀው ያስገቡ ኖሯል፤ አባቴም እየጠጡ ዝም።

«አጎቴ፣ ሊገድሏቸው ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«እኔ? ወንድሜን?» አሉና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

ጩኸቴን ሰምቶ የመጣው ሐኪም አልተቆጣም። አጠገባቸው ተቀመጠ። «የቀዳነው ትንሽ ነው አባት፣ ሰውነታቸው ራሱ ይተካዋል። ጨው ግን ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ሳንባቸውን ይሞላል። ሥጋ ሲበዛም የክሪያቲኒኑን ቁጥር ያዛባብናል።»

«ቁጥሩ ሲወርድ ነው ጥሩ?» አሉ አጎቴ።

«ሲወርድ ነው።»

ዕድሜ ልካቸውን የከብት ዋጋ ወረደ ብለው ለሚበሳጩ ሰው ይህን መዋጥ ቀላል አልነበረም።

ሾርባው ቀረ፣ ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት ተጨመረ፤ ከቀን ወደ ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ትንፋሻቸው ተመለሰ፣ ቁጥሮቹም ቀስ እያሉ ወረዱ፤ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ የበላሁት ምግብ ጣፈጠኝ። አፍ ሳታስከፍት ያባረረችንን የጥርስ ሐኪምና አጎቴን ሳያዋርድ ያስረዳውን ሐኪም አላህ ይስጥልኝ።

የእናንተም ሰው ስቴንት ከተደረገለት «ዳነ» ብላችሁ አትቸኩሉ። ደሙ ለምን እንደሚቀዳ ጠይቁ፤ መልሱንም ሾርባ ለሚያመጡት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። ከአልጋው ሥርም እዩ።

አሁን አባቴ ነገሌ ናቸው፣ ከብቶቻቸው ዘንድ። አጎቴ በየማለዳው በራቸው ላይ ቆመው እንደ አገሩ ወግ ሁሉ ሰላም፣ ሁሉ ናጋ መሆኑን እየጠየቁ ሰላምታውን ያወርዱታል፦ «አካም? ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ዝናቡስ?» አባቴ ሁሉንም «ናጋ፣ ናጋ» እያሉ ይመልሳሉ። አጎቴ ግን አይሄዱም፤ አንድ ይቀራቸዋል።

«ክሪያቲኒኑስ ናጋ?»