የግርማ ክፍል ቀለም

«ባሕር የለመደ ልጅ ሰማያዊ ሲያይ ነው ቤቱ የሚመስለው!» አለ አባቴ፣ ብሩሹን ከሰማያዊው ኖራ ባልዲ እያወጣ።

«ባሕሩን እንዲረሳ አይደል እንዴ የምንለፋው?» አለች እናቴ። እሷ ከሐረር ያስመጣችውን ቀይ አፈር በጥብጣ፣ ማዶ ያለውን ግድግዳ እስከ አንገቴ ድረስ ቀብታዋለች።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ቤቱን ኖራ ሲቀባ፣ ያ የልጅነቴ እርጥብ ሽታ ከነጭቅጭቁ መጣብኝ። ወንድሜ ግርማ ጅቡቲ ወደብ አራት ዓመት ሠርቶ በዚያን ቀን ባቡር ይመጣ ነበር። አባቴም እናቴም እዚሁ ድሬዳዋ እንዲቀርላቸው ነበር የፈለጉት። እኔ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ከግድግዳ ግድግዳ እሮጣለሁ፤ ሰማያዊው ጋ ስደርስ ይበርደኛል፣ ቀዩ ጋ ስደርስ ይሞቀኛል።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ በራችን ላይ ቆመው ሳቁ። «ወላሂ፣ ልጁን ማን ጠየቀው? ደግሞ ቀለሙ ሲደርቅ ሌላ ነው የሚሆነው፤ ትንሽ ታገሡ።»

«ጊዜ የለንም፣ አዴ!» አለች እናቴ።

የባቡሩ ጡሩምባ ተሰማ። አባቴ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጥሎ እየሮጠ ወጣ።

«በዚያ ሰማያዊ እጅህ እንዳታቅፈው!» ብላ እናቴ ጮኸች። በሩ ግን ከኋላው ድርግም ብሎ ተዘግቶ ነበር።