ከመስገጃዬ ፊት ያለው ቦታ

የማሳያ ቤቱ በር ላይ እንዲህ ቆመን ነበር። ልጄ ደረጃው ላይ፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ለመግባት እንደ ቸኮለ ሰው። ሚስቱ ከሥሩ፣ ስልኳን ወደ ሕንፃው ግንባር አቅንታ ፎቶ ታነሣለች። ጎረቤቴ፣ ከአጥሬ ማዶ የምትኖረው የሸዋ ሴት፣ ከኋላዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፤ የአዳማ ንፋስ አቧራውን አስነሥቶት ነበር። ቤቱን የምታስጎበኘው ጥቁር ኮት የለበሰች ልጅ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ይዛልናለች። ዘበኛው የውጭው በር አጠገብ፣ ወንበሩ ላይ። እኔ መሀል ነበርኩ።

በዚያ ቤት የሚኖር ሰው የለም። ከሞጆ በሚመጣው መንገድ ዳር አፓርታማ የሚሠሩ ሰዎች፣ ገዢ አይቶ እንዲወስን ብለው ያዘጋጁት ነው። እያንዳንዱን ክፍል በየዓይነቱ አስጊጠውታል፤ ሰው የወደደውን ዓይነት ይመርጣል።

ልጄ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ጉዳይ ያስፈጽማል። ባለፈው ክረምት በረንዳዬ ላይ ተንሸራትቼ ከወደቅሁ ወዲህ ብቻዬን ማደሬ እረፍት ነሥቶታል። ሐሳቡ ከእነዚህ አፓርታማዎች አንዱን ይዞ ሁላችንም አብረን እንድንኖር፣ የእኔን ቤት ደግሞ ለማከራየት ነው። «እማ፣ አንቺ እሺ ካላልሽ አልፈርምም» ብሎኛል። ያን ቀን ከእኔ የሚጠበቀው እሺ ወይም እንቢ ማለት ብቻ ነበር። ጎረቤቴን ይዣት የሄድኩት ዝም ማለቴ እንዳይከብዳቸው ነው። እሷ ለሁለት ሰው ታወራለች።

ልጅቷ ከመግባታችን በፊት ለጫማችን ሰማያዊ ላስቲክ ሰጠችን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ጎረቤቴ።

«ወለሉ እንዳይቆሽሽ ነው፣ ማዘር። ጫማዎ ላይ ያጥልቁት።»

«እግራችንን እንደ ሉካንዳ ሥጋ በፌስታል ልትቋጥሪው ነው?»

ልጅቷ ሳቀች። አጎንብሳ ለሁለታችንም አጠለቀችልን።

ሳሎኑ ዘመናዊ የሚባለው ነው። ነጭና አመድማ ነው፤ ሌላ ቀለም አላየሁም። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን መጻሕፍት አንዱን ላነሣ ብሞክር ሌሎቹም አብረው ተነሡ። ተጣብቀዋል። ምራቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዙሪያዋን ተመለከተች። የምትኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር ለመምታት አከራይዋን ማስፈቀድ አለባት። ዓይኗን ሳይ ያ ቤት እንዳይቀርባት ተመኘሁ።

«ደስ አይልም፣ እማዬ? እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«ንጹሕ ነው» አልኳት።

ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው የመመገቢያ ክፍል ክላሲክ ይባላል። ወንበሮቹ ጠርዛቸው የወርቅ ቅብ ነው፣ መጋረጃው ወለሉን ይጠርጋል። ጎረቤቴ አንዱን ወንበር በጣቷ ነክታ እጇን ሰበሰበች።

«እዚህ ላይ ሽሮ ተበልቶ ጠብ ቢል ማን ሊከሰስ ነው?» አለች።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ቧንቧውን ከፈተችው። ውሃ የለውም።

«ማሳያ ስለሆነ ገና አልተገናኘም» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያስ የእኛው ሰፈር ቧንቧም ማሳያ ነዋ።»

በዚህ ጊዜ ልጄም ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

አራተኛው መጅሊስ ነበር። ጠቆር ያለ ቀይ ፍራሽና መከዳ ግድግዳውን ይዞ ዞሯል፤ ወለሉን ወፍራም ምንጣፍ ሸፍኖታል። ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ በወርቃማ ክር የተጠለፈ የካዕባ ሥዕል ተሰቅሏል። ገና ስንገባ የአስር ሰላት፣ የከሰዓት በኋላው፣ አዛን ከሩቅ ተሰማ።

«መስገድ ከፈለጉ እዚሁ ይስገዱ፣ ማዘር» አለችኝ ልጅቷ። «እኛ ሌላውን እናያለን።»

«ስገጂ» አለች ጎረቤቴ። «ልጆቹን እኔ እጠብቅልሻለሁ። እስክትመጪ ምንም አይገዙም።»

ለሰላት ታጥቤ፣ ውዱዬን ከቤት አድርጌ ነው የወጣሁት። በሩን ዘግተውልኝ ሲወጡ መስገጃዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያነጠፍኩት በሩ ሥር ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ከፊቴ ባዶ ሆነ። በቤቴም እንዲሁ አደርጋለሁ። ጎረቤቴ አንድ ጊዜ አይታኝ «ክፍል ሙሉ ቦታ ትተሽ ለምን በር ትጠጊያለሽ፣ ንፋስ ሊመታሽ?» ብላኝ ነበር። «ልማድ ነው» አልኳት።

ባለቤቴ፣ አላህ ይማረውና፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከወሎ አምጥቶኝ ናዝሬት ቤት ስንይዝ፣ ዕቃችን ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ አንድ ሼህ ጠርቶ ቂብላውን፣ ስንሰግድ የምንዞርበትን የመካን አቅጣጫ፣ አስለየ። አቅጣጫውን ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረገበት። በኋላ ከጅቡቲ የካዕባ ሥዕል አመጣና በምልክቱ ላይ ሊሰቅለው ሚስማር ሲመታ፣ የጭቃው ምርጊት ተገምሶ ወደቀ። ቀዳዳውን ቆሞ አየና «ይሄ ግድግዳ ከመኪናዬ ይብሳል» አለ። ሥዕሉ ቀዳዳውን ሸፍኖ አሁንም እዚያው አለ። ወደ እኛ ቤት የመጣ እንግዳ ቂብላ ወዴት ነው ብሎ አይጠይቅም። ሥዕሉን አይቶ ይቆማል።

ከመንገድ ሲመለስ አብረን እንሰግዳለን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላው። ልጃችን ከፍ ሲል በአባቱ ቀኝ ይቆም ነበር። የባለቤቴ ሸሚዝ ምንም ባጥበው የናፍጣ ሽታ አይለቀውም ነበርና ለሱጁድ ግንባሬን ስደፋ ይሸተኝ ነበር። ጉዞ ሲሄድ ቦታውን እተውለታለሁ፤ ድንገት ገብቶ ቢቀላቀለኝ ብዬ። ደግሞም አንዳንዴ ይገባል። የመኪናውን ድምፅ ሳልሰማው፣ ቀና ስል ጀርባውን አየዋለሁ።

ከሞተ በኋላ ሰዎች ልብሱን ወሰዱ፣ አልጋውን ለወጥን። ቦታውን ግን አልወሰድኩበትም።

በመጅሊሱ ክፍል ወደ ሥዕሉ ዞሬ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ረከዓ ጨርሼ ስነሣ ፀሐይዋ ቀኝ ጉንጬ ላይ አረፈች። ትንሽ ግራ ገባኝ። በቤቴ በአስር ጊዜ ፀሐይ የምትገባው ከግራ መስኮቴ ነው፤ የምታሞቀውም ግራ ጉንጬን ነው። ለካ ጀርባዬን ለቂብላ ሰጥቼ ነው የቆምኩት። ሥዕሉን አይቼ ሌላ አላሰብኩም።

እዚያው ሰላቱ ላይ እንዳለሁ ዞርኩ። በሩ አፍንጫዬ ሥር መጣ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ቀጠልኩ፤ ግንባሬ በሩ ሥር ምንጣፉ ላይ አረፈ። ከፊቴ የማንም ቦታ አልነበረም። ከበሩ ማዶ የጎረቤቴ ድምፅ ይሰማኛል፣ ስለ አንድ መብራት ትከራከራለች። ሰላቱን እንዲህ ሆኜ ጨረስኩት።

ስወጣ ልጄ በሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

«ሥዕሉ ያለ ቦታው ነው» አልኩት። «ቂብላው በበሩ በኩል ነው።»

ልጅቷ ደነገጠች። «ውይ፣ ይቅርታ ማዘር። ዲኮር የሠራው ሰው ከፍራሹ ቀለም ጋር ስለሚሄድ ነው እዚያ ያደረገው።»

«አጥፍቶ አይደለም» አልኳት። «ለቤት ማሳመሪያ ነው የሰቀለው።»

«እማ፣ ሥዕል እኮ ነው» አለ ልጄ። «የእኛ ሲሆን ነቅለን እናዞረዋለን።»

የመጨረሻውን ክፍል ያስቀሩት ለእኔ ነበር። ልጅቷ ባህላዊ አለችው። ልጄ ደግሞ «ይሄ ያንቺ ክፍል ነው» አለኝ። ግድግዳው ላይ የሐረር ስፌት ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድሯል። የአርሲ የወተት ዕቃ በመስታወት ሣጥን ተቆልፎበታል።

«ወተቱ እንዳያመልጥ ነው?» አለች ጎረቤቴ። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነበር።

ክፍሉ ደኅና ነው። አልጋው ለመውጣትም ለመውረድም አያስቸግርም፣ መታጠቢያው ጎኑ ነው፣ ወለሉ አያንሸራትትም። ልጄ ይህን ሁሉ አስቦበት እንደመረጠው ገባኝ። አልጋው ራስጌ ያለውን መደገፊያ ብረት በእጁ እያነቃነቀ፣ ጠንካራ መሆኑን ሊያሳየኝ ፈለገ። በአልጋውና በቁምሳጥኑ መካከል ያለውን ወለል ተመለከትኩ። ከአንድ መስገጃ በላይ አይዝም።

«ምን ጎደለው፣ እማ?» አለኝ።

«ጠባብ ነው።»

«ላንቺ ብቻ እኮ ነው።»

ዓይኔን ከወለሉ አላነሣሁም።

«አልጋውን በትንሽ እንለውጠዋለን፣ እማዬ» አለች ምራቴ። «ቁምሳጥኑንም ቢሆን እናወጣዋለን።»

«ተይው፣ የኔ ልጅ። አልጋው ምንም አላደረገም።»

ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የአባቱ አቀማመጥ ነው፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ መሀል አድርጎ።

«እሺ አልሽ ወይስ አላልሽም?»

«እናንተ ግቡበት። ፈርም፤ ሚስትህ ቤቱን ወዳዋለች። ጁምዓ ጁምዓ እየመጣሁ አብሬያችሁ እውላለሁ። እኔ ግን ቤቴ ነው የምሆነው።»

«ብትወድቂስ?»

«እኔ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት?» አለች ጎረቤቴ። «በመካከላችን ያለው አጥር ቆርቆሮ ነው። ስታስል እንኳን ይሰማኛል።»

«እርስዎም ቢወድቁስ፣ እትዬ?»

«ያን ጊዜ መጥተህ ሁለታችንን ታነሣናለህ። እስከዚያ ተጋድመን እናወራለን።»

ምራቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ልጄ አልሳቀም። «አንድ ምክንያት ንገሪኝ» አለኝ። «አንድ። ከዚያ አልጨቀጭቅሽም።»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«የምሰግድበት ቦታ እዚያ ነው» አልኩት።

«እዚህም መስገጃ ማንጠፍ…» ብሎ ጀመረና አቆመ። በአልጋውና በቁምሳጥኑ መካከል ያለውን ወለል አየ። ብዙ አየው። ከዚያ ተነሥቶ ቦርሳዬን ያዘልኝ።

«ባጃጅ ልጥራልሽ?» አለኝ።

«እኔው እጠራለሁ። አንተ ጉዳይህን ጨርስ።»

ቦርሳዬን ተቀበልኩት። በሩ ላይ ላስቲኩን ከጫማዬ አወለቅሁ፣ ለልጅቷ ሰጠኋትና ወጣሁ።