ስሙ ያልተጠራ ጥፋት

ልጅ ሳለሁ፣ ቃታሞኒም ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን፣ አያቴ ሲመሽ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው ፊት ቁጭ ብለው ተረት ያወሩልኝ ነበር። አባባ ነበር የምላቸው። ያኔ ሽቦው ላይ የሚቃጠለው አቧራ ይሸታል፣ ቅላቱም ፊታቸውን ፍም ያስመስለዋል፣ እኔ እግራቸው ሥር ሆኜ እሰማለሁ።

አብዝተው የሚያወሩልኝ የጎረቤቱን በሬ እግር ስለሰበረ አንድ የጎንደር ሰው ነበር። ሰውየው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከባለ በሬው ደጅ ይወድቃል። «ይቅር በለኝ» ይላል። ባለ በሬው «ምን አድርገህ?» ይለዋል። «በድዬህ።» «ምን አድርገህ?» እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰውየው «ተናድጄ በሬህን በፍልጥ መታሁት፣ እግሩን ሰበርኩት» ይላል፤ ያን ጊዜ ባለ በሬው ራሱ ድንጋዩን ያወርድለታል።

አንድ ቀን አባባ ከትምህርት ቤት ይዘውኝ ሲመጡ፣ የመጨረሻ ልጃቸው፣ አጎቴ፣ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሕንጻችን በር ላይ ቆሟል። አንዱ በዕብራይስጥ «ሽማግሌው ማነው?» አለው። አጎቴ «ሾሜር ነው፣ የሕንጻው ዘበኛ» አለ። ሳቁ። አባባ ዕብራይስጥ አይሰሙም ብሎ ነው። ያቺን ቃል ግን ያውቋታል፤ ታልፒዮት ሰፈር መጋዘን ሲጠብቁ ስንት ዓመት የተጠሩባት ናት። ያን ማታ ተረት አልነበረም።

እናቴ አጎቴን ወቀሰችው። በጾም በዓላችን፣ በስግድ ቀን፣ አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ፣ ጾሙ ተፈቶ ሰው ዳቦ ሲቆርስ፣ አጎቴ ማስቲካውን እያኘከ መጣ። በአንድ እጁ ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን ፎቶ እያነሣ የአባባን ጉልበት ሳመ።

«ስሊኻ አባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ለምኑ?»

«ለሁሉም ነገር።»

«እሱማ ብዙ ነው። አንዷን ንገረኝ።»

«አባ፣ ሰው እኮ ይሰማል!»

«ያኔስ ሰው አልሰማም?»

አንዲት ጎረቤታችን «ኧረ ይተውት፣ ልጅ እኮ ነው!» አለች።

«ጢሙ ከኔ ይረዝማል» አሉ አባባ።

አጎቴ አፉን ከፈተ፣ ዙሪያውን አየ፣ መልሶ ማኘክ ጀመረና ሄደ። የሳመው ቦታ ላይ ምራቁ ቀርቶ ነበር፤ አባባ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

አባባ ካረፉ ቆዩ። ያቺ የይቅርታ ቃል፣ ስሊኻ፣ ግን አለች፤ አውቶቡስ ላይ የገፋኝ ይላታል፣ ቢሮ ወረቀቴን የጣለብኝ ይላታል፣ ዓይኑ እንኳ ወደኔ ሳይዞር። አሁን ሦስት ዓመት የሆናት ልጄም ብርጭቆ ሰብራ «ስሊኻ፣ እማ» ብላ መሮጥ ለመደች፤ ይኼ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። ይዣት «ምን አድርገሽ?» እላታለሁ፣ ታለቅሳለች፣ ያኔ ራሴን እጠላዋለሁ።

አጎቴ አባባን «ዘበኛ» ያለ ቀን በሩ ላይ ሲሳቅ፣ የአባባን እጅ ለቅቄ አብሬ ስቄያለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አይተውኛል። እሳቸው አንድ ቀንም አልጠየቁኝም፣ እኔም እስኪሞቱ ድረስ አልነገርኳቸውም።