የሥዕሉ ጀርባ

በእኛ አገር ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ሰኞ የቀባሁት አርብም ጣት ላይ ይጣበቃል። ቦንጋ ዝናቧ ሲያቆም እንኳ ጭጋጉ በመስኮት ይገባል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ ቶሎ እናደዳለሁ። እናቴ “ደግመህ እንድታየው ብሎ ነው” ትለኛለች፣ እግዜርን ማለቷ ነው። እውነቷን ነው መሰለኝ፤ አጣምሜ የሣልኳቸውን ስንት ዓይኖች ያቃናሁት ገና ስላልደረቁ ነው።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ አባቴ ጴንጤ ነው። እሱ ቤተ ክርስቲያን የቀየረው እኔ ልጅ ሳለሁ ነበር። በዚህ ሲጣሉ አላየሁም፤ በጾም እሷ የሠራችውን ሽሮ ሳያጉረመርም ይበላል፣ መቼ እንደሚፈታም ከእሷ ቀድሞ ያውቃል። በአንድ ነገር ብቻ አይደራደርም፤ በሥዕል። እኔ የእናቴን ወገን ይዤ ቀረሁ፣ አልበቃ ብሎኝ የቅዱሳን ሥዕል ሠዓሊ ሆንኩ። ተው ብሎኝ አያውቅም። አያይም እንጂ። የምሠራበት ክፍል ሲገባ መስኮቱን እያየ ያወራኛል። እኔም አልከፋኝም እል ነበር። ውሸቴን ነው፣ በጣም ይከፋኝ ነበር።

ግን የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው። አባቴ ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ ሰቃይ ነው። ጫካ ይዞኝ ሲሄድ ከትልቁ የቀረሮ ዛፍ ሥር ይቆምና ባርኔጣውን አውልቆ ይጸልያል፤ ከዚያ በፊት እግሩን ግንዱ ላይ አያሳርፍም። እኔም ሸራ ፊት የምቆመው ጾሜና ጸልዬ ነው፤ ይህን ልማድ ሥዕል ካስተማሩኝ ከየኔታ ተማርኩት ብዬ ለሰው አወራለሁ፣ መጀመሪያ ያየሁት ግን ከቀረሮው ሥር ነው። አረንጓዴንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሱቅ ያለው አረንጓዴ አንድ ዓይነት ነው፤ አባቴ ግን ማዶ ያለውን ጫካ አይቶ የትኛው ዛፍ ሊያብብ እንደተቃረበ ከቅጠሉ ይለያል።

ከሦስት ዓመት በፊት በሺሺንዳ መንገድ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት እንድሥል ጠየቀችኝ። ለእነሱ ስሠራ ሁለተኛዬ ነበር። የመጀመሪያውን ሥዕል የግድግዳው እርጥበት ከኋላ ገብቶ፣ ሻጋታ የመልአኩን ፊት በልቶታል። ሽማግሌዎቹ አልተቆጡኝም። “ይሄኛው እንኳ ይቆይልን” አሉኝ። ከቁጣ ይልቅ ይሄ ከበደኝ። ይህኛውም ከሻገተ ብሩሼን እሰቅላለሁ ብዬ ምሳ ላይ ለእናቴ ነገርኳት። አባቴ አጠገባችን ይበላ ነበር።

ሥዕሉ ደርቆ ባለቀበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አባቴ በባጃጅ መጣ። በኮባ የተጠቀለለ ሰም ይዟል።

“ጀርባውን አዙርልኝ” አለኝ በቋንቋችን በካፊኖኖ። “ሰም ያለበት ውኃ አያስገባም።”

እመቤታችንን ወደ ግድግዳው አዞርኳት። ሰሙን በእሳት አለሰለሰና በመዳፉ የሥዕሉ አቡጀዲ ላይ ያሸው ጀመር። አራት ቅዳሜ ተመላለሰ። ክፍሉ ማር ማር ይሸታል፣ እሱ የራሱን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያንጎራጉራል፣ መዳፉ ከእመቤታችን ጀርባ ይመላለሳል። አንድ ቀን አልቻልኩም።

“አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ፊቱን እየው።”

“እኔ የመጣሁት ለእርጥበቱ ነው” አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ያልነገርኩት ነገር ነበር። እመቤታችን ልጇን አቅፋ ያረፈችበት ዛፍ የእሱ ቀረሮ ነው። አንድ ቀፎም ሰቅዬበታለሁ። ያንን ቀፎ ለማን ብዬ እንደሣልኩት እግዜር ያውቃል። ከዚያ በኋላ አልለመንኩትም። ከሰል ለማምጣት ስወጣ ብቻዬን እየተበሳጨሁ እወጣለሁ፣ ስመለስም ሥዕሉ እንደተውኩት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠብቀኛል።

በመጨረሻው ቅዳሜ እጁን ታጠበ፣ ባርኔጣውን አደረገ። በር ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ መስኮቱን እያየ ቆመ።

“ቀፎውን የሰቀልክበት ቅርንጫፍ አይሆንም” አለኝ። “ዝናቡ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው፤ ንቦቹ ይበርዳቸዋል። ከበላዩ ባለው ላይ አድርገው።”

ባጃጅ ሊፈልግ ወጣ። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሰኞ ቀፎውን ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ አዛወርኩት። ለመድረቅ ስምንት ቀን ፈጀ፣ አልተናደድኩም። ሥዕሉ ያለ ሻጋታ ሦስት ክረምት አልፏል። አባቴን “ሥዕሉን አይተኸዋል ወይ?” ብለው ሲጠይቁት እስከ ዛሬ “አላየሁትም” ይላል።