በጊዮርጊስ ቀን ያልተወራረድኩበት ነጭ ፈረስ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና በጥቅምት ወር ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ገንዘብ ስላጣሁበት አይደለም፤ አንድ ሳንቲም አላጣሁም። የሰው ገንዘብ ሳልነካ ሌባ ስለተባልኩ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምሠራውም እዚያው አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በፈረስ እሽቅድምድም እወራረዳለሁ። አዎ፣ እወራረዳለሁ። ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። እኔ ግን ዕድሌን ልሞክር ብዬ የምሄድ ሰው አይደለሁም፤ ዓመቱ ሲዘጋ ለማትረፍ ነው የምለፋው። መጀመሪያ ላይ ከስሬያለሁ፤ አልደብቅም። አሁን አሁን ግን ጥቂትም ብትሆን ትርፍ ትቀረኛለች።

ዘዴው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው። ቲማቲም ስትገዙ ጥሩነቱን ብቻ አይታችሁ አትገዙም፤ ዋጋውንም ትጠይቃላችሁ። ፈረስም እንደዚያው ነው። ሰው ሁሉ የተሻማበት ፈረስ ቢያሸንፍም የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ ሲሸነፍ ግን ያስያዛችሁትን ሙሉውን ይዞባችሁ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ደጋግሞ የገዛ ውሎ አድሮ ይከስራል። ስለዚህ ዋጋው ካልጣመኝ እጄን አጣጥፌ ቁጭ እላለሁ።

ያን ቅዳሜ ጥቅምት 23፣ የጊዮርጊስ ቀን ነበር። የባለቤቴ የሰናይት አጎት ጋሽ ታደሰ የማኅበር ተራ ደርሷቸው አሌክሳንድሪያ አፓርትማቸው ውስጥ ደግሰዋል። በልተን ጠጥተን እኔ ወደ ውድድሩ ልሄድ ስነሳ፣ የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ አስካለ ስልኬ ላይ የፈረሶቹን ፎቶ አዩ።

“ይሄ ነጩም ይሮጣል?” አሉኝ።

“ይሮጣል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ።”

“በጊዮርጊስ ቀን ነጭ ፈረስ? በል ይሄ ያለ ነገር አይደለም።”

ቁማር ኃጢአት ነው እያሉ ሲገሥጹኝ የኖሩ ሰዎች በአንድ አፍታ ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። ከሚገኘው ላይ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል ተባለና ነገሩ ስለት ሆኖ አረፈው። ሃያ ሃያ ዶላር አዋጡ።

ሁሉም እየሰሙኝ ተናገርኩ። “ዋጋው ጥሩ ከሆነ እወራረድላችኋለሁ። ካልሆነ ገንዘባችሁን ይዤ እመለሳለሁ።”

“አንተ ታውቃለህ” አሉ ጋሽ ታደሰ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሜሪላንድ ያለው መሮጫ ስደርስ ነጩን ፈረስ ሕዝቡ ሁሉ ወድዶታል። ገንዘቡ ሁሉ እሱ ላይ ፈስሶ የሚከፍለው ተሟጥጧል። ፈረሱ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ጥሩ አይደለም። አልገዛሁም።

ነጩ ሁሉንም ጥሎ አንደኛ ገባ። አልዋሽም፣ ክው ብያለሁ። የራሴ ገንዘብ ቢሆን እርግፍ አድርጌ እተወው ነበር፤ የማኅበር ገንዘብ ግን ሌላ ነው።

በዚያው ማምሻውን አሌክሳንድሪያ ተመልሼ መዋጮውን እትዬ አስካለ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። የሰናይት ወንድም ዳኒ ቀድሞኝ ውጤቱን አይቷል።

“ኦንላይን ቼክ አድርገናል፤ ነጩ ነው ያሸነፈው” አለኝ። “የታለ ያገኘነው?”

“አልተወራረድኩም።”

“እኛ እኮ እልል ብለን ነበር” አሉ እትዬ አስካለ።

ገንዘቡን መመለሴ ጭራሽ ነገሩን አባሰው። የውርርድ ትኬቱን ቆርጦ፣ ያሸነፈውን ኪሱ ከትቶ፣ ለእኛ መዋጯችንን ብቻ መለሰልን አሉ። እስቲ ምን ማስረጃ ላምጣ? የተቆረጠ ትኬት ይታያል፤ ያልተቆረጠ ከየት ይመጣል? ሳምንት ሳይሞላ “የጊዮርጊስን ገንዘብ በላ” የሚለው ወሬ አናንዴል ድረስ ደርሷል።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ታደሰ ጠሩኝ። ሽማግሌ ደግሞ ሁልጊዜ መሐሉን ነው የሚፈልገው።

“ልጄ፣ ነገር አናስረዝም” አሉኝ። “ይደርሳቸው ከነበረው ግማሹን ክፈል፤ ይቅርታ በል፤ በዚህ ይዘጋ።”

“ጋሼ፣ ግማሽ ሌባ የለም” አልኳቸው። “ከሰረቅኩ ሙሉውን ልክፈል። ካልሰረቅኩ አልከፍልም። እርስዎ የቱን ነው የሚያምኑት?”

“ግትርነት አይጠቅምህም።”

“አይጥቀመኝ” ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳኒ ኮል አደረገኝ። “ግማሹን መክፈልህን ሰማን፤ ጥሩ አደረግህ። እኛም ፎርጊቭ አድርገንሃል” አለኝ። እኔ የከፈልኩት ነገር የለም። ለካ ሰናይት ሆቴል ውስጥ ኦቨርታይም ከሠራችው ላይ አውጥታ ለእትዬ አስካለ ወስዳላቸዋለች።

“ለሰላም ብዬ ነው” አለችኝ ስጠይቃት።

“የሰረቅኩ ይመስልሻል?”

“እኔ እንጃ” አለች። “ሳምንቱን ሙሉ ፈረስ ስታጠና ከርመህ፣ እዚያ ድረስ ሄደህ፣ ሳትወራረድ ትመለሳለህ? ማን ያምናል?”

ሌላው ሰው ሌባ ሲለኝ ተናድጄ ነበር። የእሷ “እንጃ” ግን አመመኝ። አልማልኩላትም፤ አልለመንኳትም። “ቅዳሜ ኦፍ ውሰጂና አብረን እንሄዳለን” አልኳት።

ፊቷን እንዳኮሳተረች መጣች። በየውድድሩ ዋጋውን አያለሁ፤ አይጥመኝም።

“ይሄኛውስ?” ትለኛለች።

“ተወዷል።”

“ያስ?”

“እሱም።”

አንድ የወደድኩት ፈረስ ተገኘ። ሰልፍ ያዝኩ። መስኮቱ ጋ ልደርስ ስል የሚከፍለው ሲወርድ አየሁና ከሰልፉ ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፈረሱም አሸነፈ። ሰናይት ዞር ብላ ፊቴን አየችው። እኔ የሚቀጥለውን ውድድር እያየሁ ነበር። እስከ መጨረሻው አንድም ትኬት ሳልቆርጥ መኪና ውስጥ ገባን።

“ወደ አሌክሳንድሪያ ንዳ” አለችኝ።

የእትዬ አስካለን በር ያንኳኳችው እሷ ናት። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

“ያመጣሁልዎትን ገንዘብ ይመልሱልኝ” አለቻቸው። “ተሳስቼ ነው። ባሌ አልሰረቀም።”

“ለቤተ ክርስቲያን የታሰበ ገንዘብ ይመለሳል እንዴ፣ ልጄ?”

“ለቤተ ክርስቲያን ስፈልግ በእጄ እሰጣለሁ። ይሄ የሌባ ዕዳ ተብሎ የተከፈለ ነው።”

እትዬ አስካለ ጥቂት አዩንና ገብተው አመጡላት።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ላይ አይጠሩንም። ዳኒም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስልኩን ማየት ይጀምራል። እኔ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። “ምነው ያን ቀን ተወራርደህላቸው በሆነ፣ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር” የሚሉኝ አሉ። ምንም አይቆጨኝም። ያው ፈረስ በዚያው ዋጋ ነገ ቢመጣ፣ በጊዮርጊስም ቀን ቢሆን፣ አልገዛውም። ደስ ያላለው ሰው ሃያ ዶላሩን ይዞ ራሱ መሄድ ይችላል።