የአፎሻው ሸራ ጥድ ሥር

ፈይሩዝ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ አልጋ ቤት አላት። ከባሏ ጋር ከስልጤ አገር መጥተው በሱቅ ነበር የጀመሩት። ባሏ ሲሞት ሱቁን አፍርሳ አልጋ ደረደረችበት። አንሶላዋ ንጹሕ ነው፤ እሱን ጠላቷም አይክድም። ችግሩ ቤቱ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው የቆመው። ከሚኤሶ ዳገቱን እያቃሰተ የወጣ ከባድ መኪና ሁሉ እሷ በር ላይ ሲደርስ ነው የሚተነፍሰው። ሾፌር ደግሞ ሰዓት አያውቅም፣ እንቅልፉ የመጣ ጊዜ በር ይደበድባል። ስለዚህ ፈይሩዝ ቁልፏን ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ አንዱን ጆሮ ትራስ ላይ፣ አንዱን በር ላይ አድርጋ ስትጋደም ኖረች። አገሩን ሁሉ አስተኝታ እሷ አልተኛችም።

ታዲያ አንድ ጊዜ ነቢዩ የሚባል ወጣት መጣ። የዱር እንስሳ ሊቆጥር ከአዲስ አበባ የተላከ ነው። ጥሩውን ክፍል ሰጠችው። በማግስቱ ዓይኑ ደም መስሎ ወጣ።

«እንቅልፉስ?» አለችው።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። የኩኒ ጫካ ይሻለኛል።»

«አልጋዬ ቁንጫ አለው?»

«የለውም። መኪና ነው ያለው።»

ይህ ነገር ከነከናት። ሰው ከእሷ አልጋ መሬት ይሻለኛል ሲል ዝም ብላ የምትቀር ሴት አይደለችም። የገለምሶን ሚኒባስ ተሳፍራ ኩኒ ወረደች፣ ጠይቃ ጠይቃ ከከተማው በላይ ካለው የጥድ ደን ደረሰች። ልጁ ሁለት ጥድ መሀል ገመድ ወጥሮ፣ ላስቲክ ጥሎበት፣ ሥሩ የጥድ ርጋፊ ጎዝጉዞ አገኘችው። ቤቱ ይኸው ነው፤ በር የለው፣ ቁልፍ የለው። ሥርዓቱን ግን አንድ በአንድ ነገራት። ደረቅ ቅርንጫፍ በተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር አይተኛም። ምንጭ አጠገብም አይተኛም፣ አውሬ ውሃውን ፈልጎ ይመጣል። እሳት አይነድም፣ ጥድ አንዴ ከያዘው ማንም አያጠፋውም። ለሽንት ቤት ራቅ ብሎ ይቆፈራል፣ ይደፈናል። ያመጡትን ሁሉ ይዘው ይመለሳሉ፣ የእንቁላል ቅርፊት እንኳ ሳይቀር።

«እስቲ ልየው» ብላ ጋደም አለች። ገና ከሰዓት ነበር። ስትነቃ ፀሐይ በማዶው በኩል እየወጣች ነው፣ ልጁ ብርድ ልብሱን አልብሷት እሱ ሌላ ጥድ ሥር አድሯል። ፈይሩዝ መጀመሪያ የሞተች መሰላት። ያን ያህል ተኝታ አታውቅማ።

ከዚያ ወዲህ ለመደች። ሲያሰኛት ቁልፉን አልጋ ለምታነጥፈው ለሚስጥር ትሰጥና ላስቲኳን፣ ብርድ ልብሷን፣ ውሃዋን፣ ቂጣዋንና ሻዩን በፔርሙስ ይዛ ሚኒባስ ላይ ትወጣለች። አድራ ስትመለስ ፊቷ የሙሽራ ፊት ይመስላል። ሰው ደግሞ ይህን አይቶ ዝም አይልም። ጎረቤቷ ዙለይኻ፣ ልብስ የምትሰፋዋ፣ መርፌዋ ካቆመ ምላሷ ነው የሚሠራው፤ «ኩኒ ባል አላት» አለች። ቀጥሎ ወርቅ ቀብራለች ተባለ። ቀጥሎ ጂን አግብታለች። ጂኑ ሌላ ሚስት አለችው ያሉም ነበሩ። ጂን ጎጆ መሥራት አቅቶት ሴትዮዋን በላስቲክ እንዴት ያሳድራታል ብሎ የጠየቀ የለም።

ዙለይኻ በዚህ አልበቃትም፤ መርካቶ ሞባይል ለሚሸጠው ለፈይሩዝ አንድ ልጅ ለሑዘይፋ ደወለች። «እናትህን ጅብ ሳይበላት ድረስላት» አለችው። ለእናቱ ደወለ።

«እማ፣ ጫካ ታድሪያለሽ አሉኝ።»

«አንዳንዴ።»

«ምን አጥተሽ?»

«እንቅልፍ።»

«አልጋ ቤት ያላት ሴት እንቅልፍ አጣሁ ትላለች?»

«ያለኝማ አልጋ ነው።»

ሑዘይፋ አልሳቀም። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው የሚጀምረው ብሎ ፈራ። ደላላ አግኝቻለሁ፣ ቤቱ ይሸጣል፣ እኔ ጋ ኮንዶሚኒየም ትገቢያለሽ፣ ሐሙስ መጥቼ እወስድሻለሁ አላት። ቤቱ በአባቱ ስም ነው፤ ልጅ ከጨከነ እናት ምን ታደርጋለች? ፈይሩዝ ስልኩን ዘግታ ብዙ አሰበች። ቤቱንስ ይሽጠው፣ ቤት ብቻ ነው። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከላይ ሰው፣ ከታች ሰው፣ በግድግዳው የሰው ቴሌቪዥን እየሰማች ልትሞት ነው ማለት ነው።

እንግዲያው ረቡዕን ለመሰናበቻ ኩኒ ልደር አለች። ላስቲኳን ብታወጣ አይጥ ወንፊት አድርጎታል። ዓይኗ ዕቃ ቤት ጥግ ላይ የአፎሻውን ሸራ አየ። አፎሻ ማለት የቀብርና የለቅሶ መረዳጃው ነው፤ ሸራውን የምታስቀምጠው እሷ ነች። አረንጓዴ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ከጭሮ እስከ ኩኒ ያልተተከለበት ለቅሶ ስለሌለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። «ሰው አልሞተ፤ ነገ እመልሰዋለሁ» አለችና ተሸከመችው።

ያንን ሸራ ጥድ ሥር ወጥራ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች። ጠዋት ሰገደች፣ ምንጣፏን ሸራው ሥር አንጥፋ ሻሿን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ልቧ ግን ከብዷታል፤ ልጇ ዛሬ ሊመጣ ነው፣ አሁን መንገድ ላይ ነው።

ቀኑ የኩኒ ገበያ ነበር። ከላይኛው መንደር ሴቶች ጎመንና ድንች ተሸክመው በደኑ መንገድ ይወርዳሉ። ፊት ፊት የምትሄደው ኩብራ የምትባል ሽማግሌ ነች፣ በአገሩ ነገር የሚያልቀው በእሷ አፍ ነው። ሸራውን አየች። ብቻዋን የተቀመጠች ሴት አየች። ሸክሟን አወረደች።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፣ ሰው ሲሞት የሚባለውን። ሌሎቹም ሸክማቸውን አውርደው፣ ጫማቸውን አውልቀው ዙሪያዋን ተቀመጡ።

ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ሞተ?» ማለት ነውር ነው። ይገባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ዝም ይባላል። ወሬው ሲነሳ ከወሬው ይለቀማል።

ፈይሩዝ በበኩሏ ምን አየች? የማታውቃቸው ሰዎች ተሰብስበው ሲመጡ፣ ሸክም ሲያወርዱ፣ ሌላ ሳይናገሩ ሲቀመጡ አየች። እንዲህ አድርጎ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። መርዶ የሚያረዳ ሰውም መጀመሪያ ይቀመጣል እንጂ አይናገርም። ልጇ ደግሞ መንገድ ላይ ነው።

«እንዴት ሆነ?» አለች ቀስ ብላ።

«የአላህ ውሳኔ ነው እህቴ» አለች ኩብራ።

«መንገድ ላይ ነው?»

«ሁላችንም መንገደኞች ነን።»

ፈይሩዝ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ሴቶቹ ባለለቅሶዋ ስታለቅስ አይተው እነሱም አነሱት። በመንገዱ የሚያልፍ ጫት የጫነ ሰው አህያውን አሰረና ተቀመጠ። ሌላውም እሱን አይቶ ተቀመጠ። የደን ጠባቂው በድሪ መጣ፤ ፈይሩዝን ያውቃታል፣ እንቅልፍ ፍለጋ እንደምትመጣም ያውቃል። እንዲህ ስታለቅስ ሲያይ ግን ዘመድ ሞቶባታል አለና ለለቅሶተኛው ውሃ በጀሪካን አመላለሰ። አንድም የጠየቀ የለም።

ሑዘይፋ ጭሮ ሲደርስ ሚስጥር «ኩኒ ነች» አለችው። መኪናውን አዙሮ ነዳ። ከመንገዱ ዳር ሆኖ ቀና ቢል ጥድ ሥር አረንጓዴው ሸራ ተወጥሯል፣ ሕዝብ ተቀምጧል። ሸራውን ያውቀዋል፤ አባቱም የተለቀሰለት እዚያ ሥር ነው። የመኪናውን በር ሳይዘጋ ዳገቱን ሮጠ።

«እማ፣ ሳልደርስልሽ» እያለ ሲመጣ ሰው መንገድ ከፈተለት። ራሱን እንዳይጥል ሁለት ጎረምሶች እንደ ደንቡ ክንድና ክንዱን ያዙት። ልብ የሚነካ ልጅ ነው ተባለ፤ አንዲቱ ሴት እንዲያውም «ታላቁ ነው መሰለኝ» ብላ ለጎረቤቷ አስረዳች።

ፈይሩዝ ድምፁን ሰምታ ሻሿን ገለጠች።

«ሑዘይፋ ነህ?» አለች።

ልጁ ቆመ። ጎረምሶቹ ባይዙት ይወድቅ ነበር፤ ለካ ደንቡ ለዚህም ይሆናል።

«አልሞትሽም?»

«አንተ ነህ እንጂ የሞትከው» አለች እናት።

ለቅሶው እንደተዘጋ ቧንቧ ቆመ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ታዲያ ማነው የሞተው?» አለች ኩብራ።

«እኔ አንቺን አይቼ ነው የተቀመጥኩት፣ አዴ» አለ በድሪ ለፈይሩዝ።

«እኔ አህያውን ታስሮ አይቼ» አለ አንዱ።

ፈይሩዝ ወደ ኩብራ ዞረች። «እናንተ አይደላችሁ መርዶ ይዛችሁ የመጣችሁት?»

«እኛማ ጎመን ነው ይዘን የመጣነው» አለች ኩብራ።

ያኔ ሳቁ ተነሳ። ያልሳቀች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ «እኔ ከልቤ ነው ያለቀስኩት፣ ለወንድሜ በደንብ አላለቀስኩለትም ነበር» ብላ ዓይኗን ጠረገች። እሷንም አይዞሽ አሏት፤ ለእሷ እንኳ ጠቅሟታል።

ሑዘይፋ እናቱን አቅፎ ብዙ ቆየ። ሲረጋጋ «በይ ተነሺ፣ መኪናው ታች ነው» አለ።

«እሄዳለሁ» አለች።

ይህን አልጠበቀም። «ወዴት?»

«ወዳልከኝ ነዋ። ቅድም ያ ረቢ፣ ልጄን ከመለስክልኝ እሱ ያለኝን ሁሉ እፈጽማለሁ ብዬ ነዝር፣ ስለት ገብቻለሁ። መለሰልኝ። ቤቱንም ሽጥ፣ ፎቅህም ላይ አውጣኝ።»

ሑዘይፋ ደስ ሊለው ሲገባ አንገቱን ደፋ። ጫማውን ያያል።

«ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችው።

«እኔም ስሮጥ ነዝር ገብቻለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«በሕይወት ካገኘኋት የፈለገችበት ትደር፣ ዳግመኛ አልናገራትም ብዬ።»

ሊነሳ የነበረው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ገበያ ይደርሳል፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን በየቀኑ አይገኝም። ባለ አህያው «ሁለቱም አልሞቱ፣ ታዲያ የምን ነዝር ነው? ቀርቷል አቦ» አለ።

«አላህን ካስጨነቁ በኋላ ቀርቷል አይባልም» አለች ኩብራ። «እኔ ልናገር?»

«ተናገሪ» አሏት።

«ሁለቱም ይፈጸማል። አንቺ ልጅሽ ያለሽን ፈጽሚ፣ ዛሬውኑ ተነሽና አዲስ አበባ ሂጂ። እዚያ ስትደርሺ የት ማደር እንደምትፈልጊ ትናገሪያለሽ። ያኔ አንተ ነዝርህን ትፈጽማለህ፣ ወዳለችህ ትመልሳታለህ።»

«ታዲያ ይሄ ዝም ብሎ ደርሶ መልስ አይደለም?» አለ ሑዘይፋ።

«ነው። መንገዱ አስፋልት ነው አሉ፣ ምን ቸገረህ?»

እናቲቱ አፏን በሻሿ ሸፈነች። እያለቀሰች ነው ያሉ አሉ። አልነበረም።

«ቤቱስ?» አለ ልጅየው። «ደላላው እየጠበቀኝ ነው።»

«የፈለገችበት ትደር ብለህ ነው የተሳልከው፤ ቤቷን ከሸጥክ ባልፈለገችበት ልታሳድራት ነው» አለች ኩብራ። ሑዘይፋ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ሰው ፊት ለደላላው «ሻጭ የለም፣ ይቅርታ» አለው። ኩብራ ዱዓ አደረገች፣ ሁሉም አሚን ብሎ ጎመኑን አንስቶ ወረደ።

ፈይሩዝ አዲስ አበባ ሄደች። አራተኛው ፎቅ ላይ አደረች፣ የልጅ ልጆቿን አየች፣ የሰውን ቴሌቪዥን በግድግዳ ሰማች። ጁምዓ ካለፈ በኋላ «ኩኒ ማደር እፈልጋለሁ» አለች። ሑዘይፋ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ነዝር ነዋ። ከመርካቶ ጠንካራ ላስቲክና ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቶ መኪናው ላይ ጫነ፣ ራሱ ነድቶ አደረሳት።

አፎሻው ተሰብስቦ ሸራውን ከእሷ ወሰደ። ሸራ ለሞት ነው እንጂ ለእንቅልፍ አይደለም አሉ፤ ልክ ናቸው። አሁን ዙለይኻ ጋ ነው ያለው፣ ክፍሏን ግማሽ ስለያዘባት ታማርራለች።

ፈይሩዝ አልጋ ቤቷን እንደያዘች ነው፣ ሲያሰኛትም ሚኒባሱ ላይ ትወጣለች። ሑዘይፋ ሲደውል ድሮ «ቤት ነሽ?» ነበር የሚለው። አሁን «እማ፣ እዚያ ይዘንባል?» ነው የሚላት።